የቤተ እስራኤል የሕዝብ ቆጠራ

የቤተ እስራኤል የሕዝብ ቆጠራ በኢትዮጵያ፣ በተለይም በጎንደር አካባቢ ይኖር የነበረውንና ዛሬ በአብዛኛው በእስራኤል የሚገኘውን የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ብዛት፣ አሰፋፈርና የኑሮ ሁኔታ ለማወቅ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተደረጉ ግምቶችን፣ ቆጠራዎችንና የስም ምዝገባዎችን ያጠቃልላል። ማኅበረሰቡ በቀድሞ ጽሑፎች «ፈላሻ» እየተባለ ይጠራ ነበር፤ አባላቱ ግን ይህን ስም እንደ ስድብ ስለሚያዩት ቤተ እስራኤል የሚለውን ይመርጣሉ።

በተለያየ ጊዜ የቀረቡት ቁጥሮች እጅግ ይራራቃሉ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር የተጓዙ ሁለት ሰዎች እንኳ የማይቀራረቡ አኃዞች ይዘው ተመልሰዋል። ለልዩነቱ ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ ማን እንደ አባል ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ፣ የአሰፋፈሩ መበታተንና ቆጠራው የታሰበበት ዓላማ። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት፣ ሐኪም የሚላክበት፣ እርዳታ የሚታደልበት፣ በኋላም ወደ እስራኤል የመሄድ ፈቃድ የሚሰጥበት መሠረት ቁጥሩና ዝርዝሩ ስለነበር፣ የቆጠራው ታሪክ ከማኅበረሰቡ ታሪክ ተለይቶ አይታይም።

አሰፋፈር

ቤተ እስራኤል የሚኖሩት በአንድ ወጥ ግዛት ሳይሆን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በመቶዎች በሚቆጠሩ ትናንሽ መንደሮች ተበታትነው ነበር። ዋና ዋናዎቹ አካባቢዎች ደምቢያ፣ ወገራ፣ ሰሜን፣ በለሳ፣ ሰቀልት፣ ቋራ፣ አርማጭሆ፣ ወልቃይትና ላስታ ናቸው። ከጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃና ትምህርት ቤት የነበረባት አምቦበር በጎብኚዎች ዘንድ የታወቁ መንደሮች ሆኑ።

ብዙዎቹ መንደሮች ከጥቂት አባወራዎች የማይበልጡ ሲሆኑ፣ በክርስቲያን መንደሮች አጠገብ ወይም በወንዝ ዳር ይገኙ ነበር። ነዋሪዎቹ ከእርሻ ጎን ለጎን በአንጥረኝነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። አብዛኞቹ ርስት ስላልነበራቸው የሰው መሬት እያረሱ ይኖሩ ነበር፤ መሬቱ ሲነሣባቸውም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወሩ ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ ተጓዥ መንደር ብሎ የመዘገበው ቦታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የጥንቱ በጌምድር ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ እስከ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ይዘልቅ ነበር። ዛሬ እነዚህ ቦታዎች በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን ሥር ይገኛሉ። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የእስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ናት። ከቤተ እስራኤል ዋና ሰፈሮች አብዛኞቹ ከዚህ በስተሰሜንና በስተምዕራብ ስለሚገኙ፣ በተለያዩ ዘመናት የተላኩት ጎብኚዎች ሥራቸውን ያተኮሩት በጎንደር ከተማ ዙሪያ ነበር። ከዋናው መንገድ የራቁ ወረዳዎች የሚታወቁት በአብዛኛው በወሬ ነው።

የተጓዦች ግምት

በ19ኛው መቶ ዘመን የተጻፉት አኃዞች ከመቶ ሺህ በታች ተነሥተው እስከ ሩብ ሚሊዮን ይደርሳሉ። እነዚህ ቤት ለቤት የተቆጠሩ አይደሉም። ተጓዡ ያያቸውን መንደሮች በአማካይ የቤተሰብ ብዛት ያባዛና ያላያቸውን ከአስጎብኚዎቹ በሰማው ይሞላል።

ከታወቁት ተጓዦች አንዱ በ1852 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1860) የመጣው የለንደን የአይሁድ ሚስዮን መልእክተኛ ሄንሪ ስተርን ነው። ከእርሱ በኋላ በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1867–68) ፓሪስ ላይ የተቋቋመው የአይሁድ ማኅበር አሊያንስ ኢዝራኤሊት ዩኒቨርሴል የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቁን ጆሴፍ አሌቪን ላከ። የሁለቱ ዓላማ ተቃራኒ ነበር። ስተርን ማኅበረሰቡን ወደ ክርስትና ለመመለስ፣ አሌቪ ደግሞ ከዓለም አይሁድ ጋር ለማገናኘት መጡ። ሆኖም ሁለቱም ሕዝቡ ብዙ መሆኑን ለላኪዎቻቸው ማስረዳት ይፈልጉ ነበር፤ ብዙ ሕዝብ ማለት ብዙ ገንዘብና ብዙ መምህራን የሚያስፈልጉት ሥራ ማለት ነውና።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገሪቱ የደረሰው ታላቅ ረሃብ፣ በሕዝብ አነጋገር «ክፉ ቀን»፣ ያለፉትን ግምቶች ሁሉ ዋጋ አሳጣቸው። የከብት በሽታ የእርሻ በሬዎችን ፈጀ፤ አንበጣና ድርቅ ተከተሉ፤ በዚያው ዘመን የመሐዲስቶች ወረራ ጎንደርንና ደምቢያን አቃጠለ። ከቤተ እስራኤልም እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፤ የተረፉት ተሰደዱ፤ ብዙ መንደሮች ጠፉ።

የናሁምና የፋይትሎቪች ልዩነት

በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) ቁጥር በውሳኔ ላይ ያለው ኃይል በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት ሁለት ልዑካን በአንድ ጊዜ በኢትዮጵያ ነበሩ። አንደኛው አሊያንስ የላከው ሐይም ናሁም ነው፤ እርሱም በኋላ የኦቶማን መንግሥት ዋና ረቢ ሆኗል። ሁለተኛው የአሌቪ ተማሪ የነበረውና በ1896 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ የጀመረው ዣክ ፋይትሎቪች ነው።

ናሁም የቤተ እስራኤል ብዛት ከ6,000 እስከ 7,000 እንደሚሆን ሪፖርት አደረገ። ፋይትሎቪች ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሕዝብ መኖሩን ተከራከረ። የናሁም ሪፖርት ሰፊ የትምህርት ሥራ መክፈትን የሚደግፍ አልነበረም፤ አሊያንስም በጎንደር ትምህርት ቤቶችን የማቋቋም ሐሳቡን አልገፋበትም። ፋይትሎቪች በበኩሉ በአውሮፓና በአሜሪካ የድጋፍ ኮሚቴዎችን አቋቁሞ ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ላከ። በ1910ዎቹ አጋማሽ ገደማ ደግሞ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ታምራት አማኑኤልም መራው።

ናሁም የቆየው አጭር ጊዜ ሲሆን ያያቸው መንደሮች ጥቂቶች ነበሩ። በኋላ የተገኙት ቁጥሮች ሲታዩ የእርሱ አኃዝ ዝቅተኛ እንደነበር ግልጽ ነው። ዳሩ ግን ስሕተቱ እስኪታወቅ ድረስ አንድ ትውልድ ያለ ትምህርት አለፈ።

እ.ኤ.አ. የ1976 ቆጠራ

ማኅበረሰቡን መንደር ለመንደር የቆጠረው ሥራ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1976፣ ማለትም በ1968 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ውጤቱም 28,000 ገደማ ሰዎች ነበር። ይህን ቆጠራ የኢትዮጵያ መንግሥት በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1984) ካካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጋር ማምታታት አይገባም። በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ «የ1976 ቆጠራ» የሚለው አባባል የቱን እንደሚያመለክት ሳይገለጽ ሲቀር የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጠራል።

ቆጠራው የተደረገበት ጊዜ ለሥራው አመቺም አስቸጋሪም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ የገበሬ ማኅበራትን ስላቋቋመ፣ በየቀበሌው የአባወራ ዝርዝር መያዝ ተጀመረ። በሌላ በኩል በጎንደር ክፍለ ሀገር የትጥቅ ትግል እየተስፋፋ በመሄዱ ወደ ቋራ፣ አርማጭሆና ወልቃይት መድረስ አደገኛ ሆነ።

የቁጥሩ ዋና ጥቅም ለልማት ሥራ ነበር። ኦአርቲ የተባለው ዓለም አቀፍ የአይሁድ የሥልጠና ድርጅት በዚያው ዘመን በጎንደር ትምህርት ቤቶችን፣ ክሊኒኮችን፣ የውኃ ጉድጓዶችንና የእርሻ ፕሮግራሞችን ጀመረ። አገልግሎቱ ለቤተ እስራኤል ብቻ ሳይሆን ለክርስቲያንና ለሙስሊም ጎረቤቶችም የሚሰጥ ስለነበር፣ ዕቅዱ የአንድን ማኅበረሰብ ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ጠቅላላ ሕዝብ ቁጥር ይፈልግ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1981 በደርግ መንግሥት ተዘጋ።

የ28,000ው አኃዝ ትክክለኛነት በኋላ በተገኙ መዝገቦች ሊፈተሽ ይችላል። በእስራኤል መዛግብት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1989 ወደ 17,000፣ በ1990 ወደ 4,000፣ በ1991 ደግሞ ወደ 20,000 ሰዎች ከኢትዮጵያ ገብተዋል፤ ድምሩ 41,000 ያህል ነው። 28,000 ሰዎች በዓመት በ2.5 በመቶ ቢጨምሩ ከ15 ዓመት በኋላ 40,500 ገደማ ይሆናሉ። በሱዳን መንገድና በስደተኛ ካምፖች ያለቁት ወደ 4,000 የሚገመቱ ሰዎች ሲታከሉበት የ1976ቱ ቆጠራ የተወሰኑ መንደሮችን ሳይደርስባቸው እንደቀረ ያመለክታል፤ ይሁን እንጂ ከቀደሙት ግምቶች ሁሉ ለእውነቱ የቀረበ ነው።

አገር አቀፍ ቆጠራዎች

ኢትዮጵያ ሦስት አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎችን በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. አካሂዳለች። በመጀመሪያው ቆጠራ በጦርነት ምክንያት ያልተደረሰባቸው የገጠር አካባቢዎች ስለነበሩ ክፍተቱ በግምት ተሞላ። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል።

በእነዚህ ቆጠራዎች የታተሙት የሃይማኖት ሠንጠረዦች ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ፣ እስልምና፣ ባሕላዊ እምነትና «ሌላ» በሚሉ ክፍሎች የተመደቡ ናቸው። የአይሁድ እምነት ለብቻው ክፍል ስላልተሰጠው ተከታዮቹ በ«ሌላ» ውስጥ ይጠቃለላሉ። ከቤተ እስራኤል ተወልደው ክርስትናን የተቀበሉ ቤተሰቦች ደግሞ በኦርቶዶክስ ወይም በፕሮቴስታንት ሥር ይገባሉ።

የብሔረሰብ ክፍሎች መለዋወጥም ተመሳሳይ ውጤት አለው። በጎንደር አካባቢ የሚኖረው የቅማንት ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 172,327 ሆኖ ተመዝግቦ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ግን ለብቻው አልተዘረዘረም። ሕዝቡ አልጠፋም፤ ከሠንጠረዡ የወጣው መደቡ ነው።

ምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የቆጠራ መረጃ ለማኅበራዊ ዕቅድ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸፍን ለመረዳት ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የደቡብ ጎንደር ዞን ሕዝብ 2,051,738 ነበር፤ ከዚህም ከ95 በመቶ በላይ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሆኖ ተመዝግቧል። ከቀሪው አብዛኛው ሙስሊም ነው። በእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ውስጥ ጥቂት መቶ አባላት ያሉት ማኅበረሰብ፣ ቢኖርም እንኳ፣ በመቶኛ ሲሰላ ዜሮ ሆኖ ይታያል።

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በምግብ እጥረት ከሚታወቁት ወረዳዎች መካከል ሲሆኑ፣ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፈዋል። በዚህ ፕሮግራም የወረዳው ኮታ ከላይ ይወሰናል፤ ማን ይታቀፍ የሚለው ግን በቀበሌ ደረጃ በተቋቋመ ግብረ ኃይል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያውቅበት ስብሰባ ይለያል። መሬት ያለው፣ በሬ ያለው፣ ጧሪ የሌለው ማን እንደሆነ በሕዝብ ፊት ይነገራል። አሠራሩ ሩቅ ያለ ቢሮ የማያውቀውን የአካባቢ እውቀት ይጠቀማል። ነገር ግን መሬት የሌላቸው፣ ከሌላ ቦታ የመጡ ወይም በእጅ ሥራቸው ምክንያት የሚገለሉ ቤተሰቦች በስብሰባው ድምፃቸው ካልተሰማ ከዝርዝሩ ሊቀሩ ይችላሉ። በጎንደር ገጠር አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉ መኖራቸው ይህን ስጋት ተጨባጭ ያደርገዋል። ስለዚህ የአናሳዎችን ሁኔታ የሚመረምር ጥናት ከአገር አቀፉ ሠንጠረዥ በተጨማሪ የቀበሌ መዝገብንና ቤት ለቤት የሚደረግ ጥያቄን ይፈልጋል።

ከቆጠራ ወደ ስም ዝርዝር

እ.ኤ.አ. በ1975 የእስራኤል መንግሥት ቤተ እስራኤል በመመለሻ ሕግ የሚጠቀሙ አይሁድ መሆናቸውን ሲቀበል የቆጠራው ዓላማ ተለወጠ። «ስንት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ «እነማን ናቸው?» በሚለው ተተካ።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ገደማ ሰዎች ከሱዳን ካምፖች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ መጥተው በተከራዩዋቸው ቤቶች ሰፈሩ። በዚያ የተደረገው ምዝገባ ለወርሃዊ የገንዘብ ድጎማ፣ ለክትባትና ለሕክምና፣ ለሕፃናት ትምህርትም መሠረት ሆነ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ 36 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ 14,325 ሰዎች ሲጓጓዙ ቤተሰቦች እንዳይለያዩ ያገለገለው ይኸው ዝርዝር ነው፤ ተጓዦቹ ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ ይደረግላቸው ነበር። ከዝርዝሩ ውጭ የነበሩት የቋራ ሰዎች በኋላ በየተራ ሄዱ፤ የታችኛው ቋራ ነዋሪዎች እስከ እ.ኤ.አ. 1999 ድረስ ቆይተዋል።

በዚያው ጊዜ ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ክርስትናን የተቀበሉና «ፈላሽ ሙራ» የሚባሉ ሰዎች በአዲስ አበባ ቀሩ፤ ሌሎችም ከገጠር ወደ ጎንደር ከተማና ወደ አዲስ አበባ መምጣታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የእስራኤል አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ባደረገው፣ በመዝጋቢው ስም «የኤፍራቲ ቆጠራ» በሚባለው ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች ተመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 የወጣው የመንግሥት ውሳኔ በእናት በኩል ከቤተ እስራኤል የሚወለዱትን መሠረት አደረገ። በ2010 እና በ2015 ሌሎች ውሳኔዎች ተከተሉ፤ በ2015ቱ ውሳኔ ወደ 9,000 የሚሆኑ ሰዎች እንዲገቡ ታቅዷል።

እንዲህ ያለው ዝርዝር እንደ ተራ ቆጠራ በአንድ ቀን የሚዘጋ አይደለም። ሕፃናት ይወለዳሉ፤ ወጣቶች ያገባሉ፤ ሽማግሌዎች ይሞታሉ። መስፈርቱ በተለወጠ ቁጥር ወንድም በዝርዝሩ ገብቶ እኅት የምትቀርበት፣ ወላጅ ሄዶ ያገባ ልጅ የሚቀርበት ሁኔታ ይፈጠራል። በጎንደርና በአዲስ አበባ ከ20 ዓመት በላይ የጠበቁ ቤተሰቦች መሬታቸውንና ከብታቸውን ትተው ስለመጡ ወደ ገጠር መመለስም አልቻሉም።

የአቆጣጠር ችግሮች

በጎንደር ገጠር የተደረጉ ምዝገባዎች በተደጋጋሚ የሚያጋጥሟቸው ችግሮች የሚከተሉት ናቸው።

ዕድሜ፦ የልደት ምዝገባ ባልነበረበት ዘመን የተወለዱ ሰዎች ዕድሜያቸውን በግምት ይናገራሉ። በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች፣ ለምሳሌ 30፣ 35 እና 40፣ ከሚገባው በላይ ይበዛሉ። መፍትሔው ከታወቁ ክስተቶች ጋር ማነጻጸር ነው፤ ከጣልያን ወረራ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ደርግ ሲገባ ስንት ልጅ ወልደሽ ነበር እየተባለ ይጠየቃል።

የዘመን አቆጣጠር፦ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ሳይስተካከል ሲቀር አንድ ልጅ ከእውነተኛው ዕድሜው በላይ ወይም በታች ይመዘገባል። ስሕተቱ ልጁ የሚገባበትን ክፍል፣ ለሽማግሌ ደግሞ ጡረታውን ይነካል።

ስም፦ በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል። በእስራኤል መዝገብ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚያዝ የአንድ እናትና አባት ልጆች በተለያየ ስም ሊመዘገቡ ይችላሉ።

ዝምድና፦ ቤተ እስራኤል ጋብቻን ለመከልከል የዘር ሐረግን እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ። የሽማግሌዎች የቃል ምስክርነት ለመዝጋቢ ጠቃሚ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም የምስክሩ ቃል የሌላውን ሰው ዕጣ ስለሚወስን ጫናና ጠብ ይከተለዋል።

ጥርጣሬ፦ ቆጠራ ለግብር ወይም ለወታደር ምልመላ ነው ተብሎ ሲታሰብ ወጣት ወንዶች ይደበቃሉ፤ እርዳታ ይመጣል ሲባል ደግሞ የቤተሰብ አባላት ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ ጠያቂው የአካባቢውን ቋንቋና ልማድ የሚያውቅ፣ ዓላማውንም አስቀድሞ የሚያስረዳ መሆን አለበት።

በእስራኤል

በእስራኤል ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የኢትዮጵያ ትውልድ ያለው ሕዝብ 155,300 ነበር፤ ከዚህም 87,500 ያህሉ በኢትዮጵያ የተወለዱ ናቸው። ቢሮው በዚህ መደብ የሚያስገባው በኢትዮጵያ የተወለደውንና አባቱ በኢትዮጵያ የተወለደውን ነው። እናቷ ብቻ ከኢትዮጵያ የመጣች ልጅ በዚህ አቆጣጠር አትገባም፤ የ2003ቱ ውሳኔ ግን የእናትን ሐረግ ይከተል ነበር። ሁለቱ ትርጉሞች ለተለያየ ዓላማ የወጡ በመሆናቸው አኃዞቻቸውን ሳያስተካክሉ ማነጻጸር ያሳስታል።

ኢየሩሳሌም የሚገኘው ብሩክዴል የምርምር ተቋም ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጥናቶችን አካሂዷል። ጥናቶቹ የወላጆችን ሥራና ትምህርት፣ የሕፃናትን የቅድመ መደበኛ ተሳትፎና የቋንቋ ችግሮችን ይመለከታሉ። የከተማ አስተዳደሮች ለሕፃናትና ለተማሪዎች የሚሰጡትን ድጋፍ ሲያቅዱ እንዲህ ያሉ ጥናቶችን ይጠቀማሉ።

ለማኅበራዊ ዕቅድ ያለው ትምህርት

የቤተ እስራኤል ቆጠራዎች ታሪክ ለሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች ጥናትም ያገለግላል። ከአጭር ጉብኝት የተወሰደ ቁጥር፣ በናሁም ሪፖርት እንደታየው፣ ለረጅም ጊዜ አገልግሎትን ሊያስቀር ይችላል። ቤት ለቤት የተደረገ ቆጠራ ፍጹም ባይሆንም በኋላ በሌላ መዝገብ ሊፈተሽና ሊታረም ይችላል። መስፈርቱ በግልጽ ያልተጻፈ ዝርዝር ደግሞ አለመተማመንን ያተርፋል።

ስለሆነም አንድን የሕዝብ አኃዝ ለዕቅድ ከመጠቀም በፊት አራት ነገሮችን ማጣራት ያስፈልጋል፦ ማን ቆጠረ፣ መቼና በየትኛው ዘመን አቆጣጠር፣ የትኞቹን መንደሮች ደረሰ፣ እንዲሁም ማንን አባል ብሎ መዘገበ። ለአራቱ መልስ የሌለው ቁጥር፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ የክሊኒክ ወይም የትምህርት ቤት ቦታ ለመወሰን አይበቃም።